አባባ፣ ስለዚያ ፊርማ ጉዳይ

ይድረስ ለአባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? እግርዎስ? ክረምቱ ገባ፣ የጎንደር ብርድ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እንደሚጠዘጥዝዎ አውቃለሁ።

እሁድ ስልክ የዘጉብኝ ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር። «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ፣ አንቺን ማን ጠበቃ አደረገሽ?» አሉኝ። አባባ፣ ጠበቃ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት! በዚያች ደመወዝዎ አስተምረው።

ቁጣዎ ፍርሃት መሆኑን ኋላ ነው ያሰብኩት። ስለዚህ በስልክ ያላስጨረሱኝን ልጻፈው፤ ደብዳቤ እንደሆነ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

እኔና ጓደኞቼ ፊርማ የምናሰባስበው መንግሥት ለመገልበጥ አይደለም። ማሰቃየት በሕጋችን ራሱን የቻለ ወንጀል ይሁን ነው የምንለው። አሁን ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ነው። እስረኛን በተስፋ ቃል ያባበለ መርማሪም፣ የገረፈም፣ እዚያው አንድ አንቀጽ ውስጥ ነው ያሉት። ከባድ ነው ከተባለ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አለ፤ ካልሆነ ግን ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። መቀጮ አባባ! ሰው ገርፎ ብር ከፍሎ የሚወጣበት በር አለ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ እኮ ከዚህ ይሻላል። አንቀጽ 19 ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል፣ ኢሰብዓዊ ድብደባም ጭምር፣ በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ማሰቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከተቀበልንም፣ ከ1986 ጀምሮ፣ ስንት ዓመት ሆነን።

«ያለፈ ነገር ነው» ይሉኛል። ማዕከላዊ፣ ያ የምርመራ እስር ቤት፣ በ2010 ሲዘጋ እኔም እልል ካሉት ነበርኩ። ግን ሕንፃ መዝጋት አንድ ነገር ነው፣ ጅራፉን ከመርማሪ እጅ ማስጣል ሌላ።

አሁን የማይወዱትን ላንሳ። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስሄድ ልጆች ማታ ማታ የአባታቸውን እግር ሲያጥቡ አይ ነበር። እኛ ቤት ይህ የለም። እርስዎ ካልሲዎን ሰው ፊት አያወልቁም። አንድ ቀን ጣሳውን ይዤ ስመጣ የጮኹብኝ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እማማ ናት ኋላ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወፌ ላላ» ያለችኝ። በ1970፣ በደርጉ ቀይ ሽብር፣ እርስዎ ገና ተማሪ ሳሉ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም። ዘቅዝቀው አስረው ውስጥ እግር የሚገርፉበት መሆኑን ያወቅኩት ራሴ አንብቤ ነው።

ከደርግ ውድቀት በኋላ የደርግ ሰዎችን የሚከሱት የልዩ ዐቃቤ ሕግ ሰዎች ምስክር ሲፈልጉ ለምን እንዳልሄዱም እማማ ነግራኛለች። «ለሞተ ይመስከሩ እንጂ፣ እኔ በሕይወት አለሁ» አሉ አሉ። ይኼን ያህል ዓመት የማልስማማበት ይሄ ነው። ያ መከረኛ ዘመን ጎንደር ላይ ስንቱን እናት እንዳስለቀሰ አልረሳሁም። ግን የተገረፈም የራሱ ክስ አለው።

አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራ የነበረችውን እጅጋየሁ ታዬን ሰምተው ያውቃሉ? በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ያሰቃያትን የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር፣ ቀልቤሳ ነገዎን፣ እዚያው የምትሠራበት ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ አገኘችው። እሷም ሞታ አይደለም የከሰሰችው፤ ቆማ፣ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆና ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርድ ቤቱ ለሦስቱም ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። ገንዘቡን እንኳ ይተዉት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካ ተባሮ ወደዚህ ተላከ። ከአባይ ማዶ፣ ጎጃም ላይ እስረኛ ያስገደለውና ያሰቃየው የደርግ ሹም እሸቱ ዓለሙም ቢሆን የኔዘርላንድ ዜጋ ሆኖ ተደላድሎ ሲኖር ተይዞ ሄግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ድርጊቱ ከተፈጸመ ወደ አርባ ዓመት ግድም እኮ ነው! እዚያ ምስክር የሆኑት የእርስዎ እኩዮች ናቸው።

የሚያበግነኝ፣ ይሄን ለመስማት ባሕር ማዶ መሄድ ነበረብን? በሚያዝያ 2016 የወጣው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት ይቋቋማል ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ምስክር ከሌለ ዐቃቤ ሕግ ምን ይዞ ይቆማል? ለዚህ ነው እሁድ የደረሰብዎትን ይንገሩኝ ያልኩዎት። የማንንም ስም ይጥሩ አላልኩም። እግርዎ ላይ የሆነውን ብቻ፣ ለእኔ፣ ቤት ውስጥ።

ሰኔ 19 የተሰቃዩ ሰዎች ቀን ነው ተብሎ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ሁሉም ስለ ሌላ ሰው ያወራል። እኔም ስለ ሌላ ሰው አወራሁ።

ለፍልሰታ እመጣለሁ። ፊርማውን ባይፈርሙ ግድ የለም። ውኃ ግን አሞቃለሁ፣ እምቢ ካሉ እኔው እታጠብበታለሁ።

የደም ግፊት ኪኒንዎን እንዳይረሱ።

ልጅዎ