ለደንበኞቻችን፦ «ቡድኑ ቢፈርስም» የምትለዋ ቃል ውላችን ውስጥ ለምን ገባች?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሥራ እንዴት ይዟችኋል?

ከአንድ ወር ወዲህ ማልያ ሊያሠራ ወደ ስፌት ቤታችን የመጣ ሁሉ ሁለት ገጽ ውል እየተሰጠው ነው። በመጀመሪያው ገጽ ማንም ቅር አላለውም። ጨርቁ፣ ቀለሙ፣ ልኩ፣ ቀብዱ፣ የማስረከቢያው ቀን፤ የለመዳችሁት ነው። ጠቡ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ አራተኛው አንቀጽ። እንዲህ ይላል፦

«የቡድኑን አርማ የያዘ ማልያ ስፌት ቤቱ ለሌላ ሰው ከሸጠ፣ ከእያንዳንዱ ማልያ ዋጋ ላይ 5 በመቶ ለአርማው ባለቤት ይከፍላል። ይህ ግዴታ ቡድኑ ቢፈርስም ለ10 ዓመት ይጸናል።»

«ቢፈርስም» የምትለዋ ቃል ስንቱን አስቀየመች! አንድ የሰፈር ቡድን አሰልጣኝ እዚህ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣ «ገና ማልያ ሳንለብስ ታፈርሱናላችሁ? ሟርተኞች!» ብሎ ወጣ። ቀብዱንም ይዞ ሄደ። አንዲት እናት ደግሞ ለልጃቸው ቡድን ሊያሠሩ መጥተው፣ «ልጄ፣ ክፉ ነገር በወረቀት አይጠራም» አሉኝ። እሳቸው ግን ፈረሙ። ለእያንዳንዱ ሰው እየቆምኩ ከማስረዳት ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩ።

በዚያውም ሌላ የቆየ ጥያቄ ልመልስ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለውን ብርቱካናማ ማልያ ያልጠየቀ ሰው የለም። «የሆላንድ ነው?» ትላላችሁ። አይደለም። የቅርጫት ኳስ ቡድን ማልያ ነው። ፎቶ አይቼ ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ቡድኑ ከፈረሰ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አራተኛው አንቀጽ የመጣው ከዚያ ማልያ ነው።

ስሙ ስፒሪትስ ኦፍ ሴንት ሉዊስ ይባላል። ሴንት ሉዊስ አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ስሙ ከአውሮፕላን የመጣ ነው። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 ብቻውን ሳያርፍ ከኒው ዮርክ ፓሪስ የበረረባት አውሮፕላን ስም ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እየቀየርኩ ብሄድ ቁጥር ይሳሳትብኛል።)

ኤንቢኤን፣ ትልቁን የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኤቢኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ እንደነበረ ግን ብዙ ወጣት አያውቅም። በ1967 ተጀመረ። ኳሱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነበር። ከሩቅ የገባ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚያሰጠውን መስመር ያስለመደው እሱ ነው። ኤንቢኤ መጀመሪያ ሲስቅበት ኖሮ በ1979 ራሱ ተቀበለው። ዛሬ ስቴፈን ከሪ የሚኖርበት መስመር ማለት ነው። ኤቢኤ ጨዋታው ያምር ነበር። የጎደለው ገንዘብ ነው። ቡድኖቹ ከከተማ ከተማ ይሰደዱ ነበር፤ ዛሬ ያለው ነገ የለም።

በ1974 ኦዚ እና ዳን ሲልና የሚባሉ ወንድማማቾች ካሮላይና ኩገርስ የተባለውን የኤቢኤ ቡድን ገዙና ወደ ሴንት ሉዊስ አመጡት። ከተማዋ በ1968 የኤንቢኤ ቡድኗን ሆክስን ለአትላንታ ሰጥታ ባዶ ሜዳ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ንጉሡ በወረዱበት መስከረም ማግስት፣ እኛ አገር ሌላ ትርምስ ሲጀመር፣ እዚያ ስፒሪትስ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ።

ወንድማማቾቹ ሀብታቸውን ያገኙት በጨርቃ ጨርቅ ነው። እዚህ ላይ ነው ወንድሜና እኔ ልባችን የተሰረቀው። እኛም ሁለት ወንድማማቾች ነን። እኛም የጨርቅ ሰዎች ነን፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ባለበት ከተማ ነው ያደግነው። ልዩነታችን ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው።

ቡድኑ ጉደኛ ነበር። ዋናው ኮከብ ማርቪን ባርንስ በ1975 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ሲፈልግ ይጫወታል፣ ሳይፈልግ ይጠፋል። የዚያን ጊዜ ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ቦብ ኮስታስ የሚባል የ22 ዓመት ልጅ ነበር፤ ኋላ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የኦሊምፒክ አቅራቢ ሆኖ ሠርቷል። እሱ ደጋግሞ የሚያወራት ታሪክ አለች። ቡድኑ ከሉዊቪል ወደ ሴንት ሉዊስ ሊበር ነው። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት በአንድ ሰዓት ይለያያል። ትኬቱ ላይ አውሮፕላኑ በእነሱ አቆጣጠር 8፡00 ተነስቶ 7፡56 ይደርሳል ይላል። ባርንስ አየውና ጊዜን ወደ ኋላ በሚመልስ ማሽን አልሳፈርም ብሎ አሻፈረኝ አለ። መኪና ተከራይቶ በመንገድ ሄደ። እኔ አልፈርድበትም። ሐረጎን ቁልቁል የሚበሩት የደሴ ሚኒባሶቻችን እንኳ እስካሁን ከተነሱበት ሰዓት ቀድመው ኮምቦልቻ አልገቡም፤ እየሞከሩ ቢሆንም።

በመጀመሪያው ዓመት 32 አሸንፈው 52 ተሸነፉ። ኒው ዮርክ ኔትስ ያኔ የሊጉ ሻምፒዮን ነው፤ ኮከቡ ጁሊየስ ኧርቪንግ አለው። በመደበኛው ውድድር 11 ጊዜ ተገናኝተው 11 ጊዜ ኔትስ አሸነፈ። በጥሎ ማለፉ ሲገናኙ ማን ይጠብቃል? ስፒሪትስ 4 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮኑን አስወጣው። የቡድኑ ወርቃማ ሳምንት ይህ ነው፤ ሌላ የለውም። በሚቀጥለው ዙር ኬንታኪ ኮሎኔልስ በዚያው 4 ለ 1 ሸኘው።

ሁለተኛው ዓመት ቀዝቃዛ ነበር። ተመልካች ሳሳ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ፕሮፌሽናል የሆነው ሞሰስ ማሎን የመጀመሪያ ቡድኑ ዩታ ስታርስ በውድድሩ መሃል ሲዘጋ ወደ ስፒሪትስ መጣ። ኋላ በኤንቢኤ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ የሆነ ሰው ነው። እሱም አላዳናቸውም። ሊጉ ራሱ እየሞተ ነበር። ባልቲሞር ውድድሩ ሳይጀመር፣ ሳንዲያጎ በኅዳር፣ ዩታ በታኅሣሥ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ተዘጉ። ስድስት ብቻ ቀሩ።

ኤንቢኤ ከስድስቱ አራቱን ብቻ እቀበላለሁ አለ። ዴንቨር ናጌትስ፣ ኢንዲያና ፔሰርስ፣ ኒው ዮርክ ኔትስ እና ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ። ኬንታኪ እና ሴንት ሉዊስ ቀሩ። ነገር ግን የእነሱ ፈቃድ ከሌለ ውህደቱ አይሆንም። ስለዚህ ለሁለቱ ካሳ መክፈል ግድ ሆነ።

የኬንታኪው ባለቤት ጆን ብራውን በተጠበሰ ዶሮ የከበረ ሰው ነው። ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ በእጁ ተቀበለና ቡድኑን ዘጋ። አልጎደለበትም፤ በኋላም የኬንታኪ ገዢ ሆነ።

ሲልናዎቹ ግን ጠበቃቸውን ዶናልድ ሹፓክን ይዘው ቆዩ። በ1976 ሰኔ 17 ስምምነቱ ሲፈረም 2.2 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። ይህ ከብራውን ያነሰ ነው። በላዩ ላይ ግን አንድ መስመር አስጨመሩ። አራቱ ቡድኖች ከቴሌቪዥን ከሚያገኙት ገንዘብ ከሰባት አንዱ እጅ ለእነሱ ይከፈላል፤ ኤንቢኤ እስካለ ድረስ።

አራቱ ቡድኖች ለምን እሺ አሉ? የቴሌቪዥን ገንዘብ ያን ጊዜ ከቁም ነገር የሚቆጠር አልነበረም። እነሱ ራሳቸው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከዚያ ገንዘብ ምንም አያገኙም ተብለው ነው የገቡት። ከዜሮ ላይ ከሰባት አንድ ምን ይጎዳል?

ቅርጫ አስቡት። በሬ ታረደ። አራት አባወራዎች መደባቸውን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ አንድ ጎረቤት ይመጣል። ከእያንዳንዱ መደብ ከሰባት አንድ እጅ ይወስዳል። የአራቱ ሲደመር ከአንድ ሙሉ መደብ ግማሽ በላይ ነው። በሬ አልገዛም፣ ገመድ አልያዘም። በሬ በታረደ ቁጥር ግን ይመጣል። በሬው ደግሞ በየዓመቱ ይሰባል። ማጂክ ጆንሰንና ላሪ በርድ የሚባሉ ኮከቦች መጡ፤ ከዚያ ማይክል ጆርዳን መጣ። ከ2008 ጀምሮ ኤንቢኤ ከቴሌቪዥን የሚያገኘው በዓመት 930 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ።

በ38 ዓመት ውስጥ ሲልናዎቹ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀበሉ። ተጫዋች አልቀጠሩም፣ ማልያ አላሳጠቡም። በ2012 ደግሞ «ከውጭ አገር ስርጭቱስ?» ብለው ከሰሱ። ኤንቢኤ በ2014 ጥር 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከአብዛኛው ድርሻቸው ተገላገለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኤንቢኤ የ24 ቢሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ፈረመ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለሲልናዎቹ አዘነላቸው። እኔ ማዘን አልቻልኩም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት ልምጣ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደብዳቤው ጉራ ይሆንብኛል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ተማሪ ለሰፈሩ ቡድን አርማ ሣለልን። የጦሳ ተራራ፣ ከሥሩ ኳስ። 300 ብር ሰጠነው፤ ደስ ብሎት ሄደ። ቡድኑ አንድ ክረምት ተጫውቶ ተበተነ። አርማው ግን ሰው ዓይን ውስጥ ገባ። ቲሸርት ላይ አተምነው። ለበዓል አተምነው። ኮፍያ ላይም አተምነው። ልጁ አንድ ቀን ባጃጅ ሲሳፈር ሹፌሩ የእሱን ሥዕል ለብሷል። በዚያው ባጃጅ እኛ ጋ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደል?» ብቻ አለኝ።

«300 ብር ተቀብለሃል እኮ» አልኩት። ማለት አልነበረብኝም፤ አልኩት። ወረቀት አልነበረንም። እኔ የማስታውሰውና እሱ የሚያስታውሰው አልገጠመም። ሽማግሌ ገባ፣ ቡና ተፈላ፣ በረካው ሳይደርስ ታረቅን። ካስነውም። ልጁ ዛሬም አርማ ይሥልልናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ብርቱካናማ ማልያ ቀና ብዬ ሳየው ትንሽ ያፍርብኛል።

ስለዚህ «ቢፈርስም» ያልነው ለእናንተ ጥቅም ነው። የሰፈር ቡድን ይበተናል። ልጆች ዩኒቨርሲቲ ይደርሳቸዋል፣ ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ አሰልጣኙ ያገባል። አርማው ግን ስፌት ቤታችን ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። ቡድኑ ሲጠፋ ድርሻውም አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ ቡድናችሁ ቶሎ ቢፈርስ የሚጠቀመው ማን ነው? እኛ ነን። ሟርቱ እንግዲህ እሱ ነው።

«ለ10 ዓመት» ያልነው ደግሞ ለራሳችን ነው። «ስፌት ቤቱ እስካለ ድረስ» ብለን እንጻፍ ሲል ወንድሜ ተከራክሮኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። አራቱ ቡድኖች ያለቀሱት ማብቂያ ያልጻፉበትን ውል ፈርመው ነው። ኤንቢኤ ለመገላገል 500 ሚሊዮን ዶላር ነበረው። እኛ ያሉን አራት የስፌት መኪናዎች ናቸው፤ አንዷም ክር ትበጥሳለች።

አንቀጹን የማይፈልግ ሰረዝ አድርጎበት መፈረም ይችላል፤ እኛም ከጎኑ እንፈርማለን። ያኔ አርማውን ለሌላ አንሸጥም፣ እሱም ድርሻ አይጠይቅም። ከዚህ በፊት ያለ ውል ያሠራችሁም ብትሆኑ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ። ደረሰኝ የጠፋበት ማልያውን ለብሶ ይምጣ፤ የራሳችንን ስፌት አናጣውም። አርማውን የሣለው ሰው ሌላ ከሆነ እሱም አብሮ ይምጣ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እናንተው ተስማምታችሁ ንገሩን፤ እኛ መሃል አንገባም። እሑድ ዝግ ነን። ዓርብ ከሰዓት በፊት ብትመጡ ወረፋው ቀለል ይላል።

አሰልጣኙም፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ፣ ሃያዎቹ ማልያዎች ተቆርጠው ተቀምጠዋል። ቀብዱን ስትመጣ እንነጋገራለን።

ብርቱካናማው ማልያ አይሸጥም። ልኩም ለእኔ ነው የተቆረጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለቱ ወንድማማቾች
ማልያና ዩኒፎርም ስፌት፣ ኮምቦልቻ