«ሁሉም ዜጋ» ያላችሁት ማንን ነው?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሳተላይትና ስለ እስራኤል ጸረ ሚሳኤል መከላከያ ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ «ማስጠንቀቂያው ሁሉም ዜጋ በጊዜ እንዲጠለል አስችሏል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ሦስቴ አነበብኩት። «ሁሉም» ያላችሁት ማንን ነው?

የአሜሪካ ሳተላይቶችን ውለታ አልክድም። 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሚሳኤሉ ገና ሲነሳ የእሳቱን ሙቀት ያያሉ። ከኢራን እስራኤል ለመድረስ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። መረጃው ቶሎ ሲደርስ ሄጽ 3 የተባለው የእስራኤል ጸረ ሚሳኤል ከከባቢ አየር ውጭ ለመምታት ጊዜ ያገኛል። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢራን ስትተኩስብን አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ዮርዳኖስ አብረው ተከላከሉልን። በአንድ ሌሊት ከ300 በላይ ድሮንና ሚሳኤል! ይህን በደንብ ጽፋችኋል።

ግን በዚያ ሌሊት ክፉኛ የቆሰለችው ማን ነበረች? የ7 ዓመት የበደዊን ዐረብ ልጅ ናት፤ በደቡቡ ኔጌቭ በረሃ ውስጥ፣ መጠለያ በሌለው መንደር። ስለሷ አንድ ቃል የላችሁም። ስለኛ ስለ ቤተ እስራኤሎችም የላችሁም።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል የመጣች ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ሊፍት የለም። በየአዲሱ ቤት ማማድ፣ ማለትም ቤት ውስጥ ያለ የተጠናከረ መጠለያ ክፍል፣ መሥራት ግዴታ የሆነው ኢራቅ ስካድ ሚሳኤል ከተኮሰችብን ጦርነት በኋላ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ ሕንፃ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የሰፈራችን አብዛኛው ቤት እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ነዋሪም የኛ ሰው ነው።

በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ.፣ ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት፣ ማስጠንቀቂያው ስልኬ ላይ መጣ። «አንቺ ሂጂ፣ እኔን እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» አለችኝ። እምቢ ብዬ ደግፌ አወረድኳት። ደረጃው ላይ ሳለን ሳይረኑ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያለን 90 ሰከንድ ነው። ስንደርስ የሚክላቱ፣ የሕዝብ መጠለያው፣ በር ተቆልፏል! ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ስልክ አያነሳም። ግድግዳ ሥር ተጠግተን ቆምን። እማዬ ነጠላዋን አውልቃ እኔን ሸፈነችኝ። ለማዘጋጃ ቤቱ ሁለቴ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

እንግዲህ አስቡት። ማስጠንቀቂያው ከጠፈር ተነስቶ እኔ ኪስ ድረስ መጥቷል። ከደረጃችን እስከ ሚክላቱ ያለውን መንገድ ግን አሜሪካም ዮርዳኖስም አይሠሩልንም። እሱ የራሳችን መንግሥት ሥራ ነው። ዘጋቢያችሁ ሰማይ ሰማዩን አይቶ እዚያው ቀረ።

«ሁሉም» የሚለውን ቃል አርሙት። ከዚያ ጋዜጠኛችሁን ወደኛ ሰፈር ላኩት። እናቴን ከአራተኛ ፎቅ ደግፎ ያውርዳት። ሰዓትም ይያዝ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት በሚቀጥለው ዘገባ ላይ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከእስራኤል