ቀዩ መብራት ከበራ ቁሚ

ልጄ ሰላም፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ደውሎ የነገረኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የቮልሷ ቀይ የዲናሞ መብራት በርቶ እያየሽ «ቤት ልድረስ» ብለሽ ነድተሻል አለኝ። አሁን ደግሞ በዚያችው መኪና ከአሮጌ መኪና ወዳጆችሽ ጋር ከኬፕ ታውን እስከ ገቤርሃ፣ እስከ ድሮው ፖርት ኤልዛቤት፣ በባሕሩ ዳር ልትሄጂ ነው። ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ቀዩ መብራት ከበራ ግን ቁሚ።

ቮልስ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስና ዘይት ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶው፣ ማራገቢያውንም ያዞራል። ቺንጋው ሲበጠስ መብራቱ ይበራል፣ ነፋሱ ይቋረጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ከነዳሻት ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለት ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁጥር ቁልፍና ጠንካራ ካቻቪቴ ያዢ። ሞተሩን አጥፊ፣ ካቻቪቴውን ቺንጋው በሚዞርበት በዲናሞው ፑሊ ጥርስ አስገብተሽ እንዳይዞር ያዢው፣ ዳዶውን ፍቺ። በሁለቱ የፑሊ ግማሾች መካከል ስስ የብረት ቀለበቶች፣ ሮንዴላዎች፣ አሉ፤ ከመሃል ስትቀንሺ ቺንጋው ይጠብቃል። የቀነስሽውን አትጣዪ፣ ከውጭ በዳዶው ሥር መልሺው። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ከገባ በቂ ነው። አዲስ ቺንጋ ይላላልና በማግስቱ እንደገና እዪው።

ከጎርደንስ ቤይ ወደ ሮይ ኤልስ የሚወስደው የክላረንስ መንገድ ባሕሩን በቀኝሽ አድርጎ ይጠማዘዛል። በግራ ስለምትነጂ መመልከቻዎቹ ከመጪው መኪና ማዶ ናቸው። ኩርባ ላይ አትሻገሪ። ኸርማነስ ስትደርሺ ዓሣ ነባሪዎቹ ከገደሉ ጫፍ ይታያሉ፤ በጥቅምት አታጪያቸውም። እነሱን እያየሽ ሞተሩ ይብረድ። ከዚያ ሜዳ ቦታ ላይ ዘይቱን ለኪ። የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት ለእሷ ብዙ ነው።

ኬፕ አጉላስ የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1849 መጀመሪያ የበራ የመርከብ መብራት ማማ አለው። ብዙ አትቆዪ፤ ጨው ያዘለው ነፋስ ቆርቆሮ ይበላል። ማታ ሆዷን በንጹሕ ውሃ እጠቢ፣ በተለይ ከበሮቹ ሥር፣ ዝገቱ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ሞሰል ቤይ ላይ መርከበኞች ደብዳቤ ይተዉበት ነበር የሚባለው ዛፍ አለ፣ አጠገቡም ጫማ የሚመስል የፖስታ ሳጥን። ከዚያ ካርድ ላኪልኝ።

ከጆርጅ ወደ ዊልደርነስ የምትወርጂበትን የካይማንስ ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ ውረጂ። ፍሬን ላይ እግርሽን ተክለሽ ከወረድሽ ታምቡሩ ይግላል፣ ከዚያ ብትረግጪም አይይዝም። ታች ደርሰሽ ስታቆሚ በወንዙ አፍ ላይ ያለውን የባቡር ድልድይ ታያለሽ። መብራቱ በቁልቁለቱ መሃል ቢበራስ? ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ድልድዩ አይሄድብሽም።

ይህን ሁሉ በደብዳቤ መጻፌ ጥፋቱ የኔው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቮልሷ ግቢ ውስጥ ስትፈታ ለወንድምሽ ቁልፍ ሰጠሁት፣ አንቺን የእጅ ባትሪ አስያዝኩሽ። «እኔስ?» ስትዪ «እጅሽ ይቆሽሻል» አልኩሽ። እሱ ዛሬ ጎማ እንኳ በሰው ያስቀይራል። የኔ ልጅ፣ እጅሽ ቢቆሽሽ ምን ነበረበት?

ይቅር። ከመነሳትሽ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሺና የባትሪው ክዳን መኖሩን እዪ፤ ከሌለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ከባትሪው ጫፍ ጋር ይነካካና እሳት ያስነሳል። የጎማው አየር ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ይሁን። ስኮርታውንም፣ ትርፍ ጎማውን፣ አስለኪ፤ የመስታወት መርጫው ውሃ የሚገፋው በእሱ አየር ነው። ብሉክራንስ ድልድይ 216 ሜትር ከፍታ አለው፣ የጎን ነፋስ ቮልስን ይገፋታል፤ ሁለቱም እጅሽ መሪው ላይ ይሁን። ቁልቁል ማየት ያማረሽ እንደሆነ ድልድዩን ተሻግረሽ፣ መኪናዋን አቁመሽ።

እናትሽ በሶ ልካለች። ከዘይቱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጊው። ቺንጋዎቹን ስትገዢ ፎቶ ላኪልኝ፣ ሁለቱንም። መብራቱ ከበራ ደግሞ ቁሚና ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

አባትሽ