«ስታርቲንግ ከርነል» ካለ በኋላ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ትንሽ አፍሬያለሁ። ሰበብ አልደረድርም። ላንተ ካልሆነ ለማንም የማይጥም ወሬ ግን ይዣለሁ።

አንድ ቦርድ፣ ያው ትንሽዬ ኮምፒውተር፣ 3 ሳምንት አሰቃየኝ። ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ የሚጭነው ፕሮግራም ዩቡት «ስታርቲንግ ከርነል» ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። ፓኒክ (የከርነሉ የውድቀት መልእክት) የለ፣ አንዲት ፊደል የለች። ያው ሊኑክስ ኪውኢሙ በሚባለው ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይነሳል።

መጀመሪያ የለመድነውን አደረግኩ። በከርነሉ መነሻ የአሴምብሊ ኮድ ውስጥ በየቦታው አንዳንድ ፊደል በቀጥታ ወደ ሲሪያል ፖርቱ፣ ቦርዱ ጽሑፍ ወደሚያወጣበት መስመር፣ እንዲወጣ። ኤ መጣች። ቢ መጣች። ሲ ቀረች። «ያዝኩት!» ብዬ ሁለት ቀን እዚያው ስቆፍር ከረምኩ። ለካስ በቢና በሲ መሃል ኤምኤምዩው (የሚሞሪ አድራሻ ተርጓሚው) ይበራል፤ እኔ የምጽፍበት ፊዚካል አድራሻ፣ ያልተተረጎመው የሃርድዌር አድራሻ፣ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። በዚያ ሙከራ ከርነሉን የገደለችው የራሴው ሲ ናት። አትሳቅ።

ከርነሉ ገና ሲነሳ መልእክት እንዲያወጣ የሚያደርገውን ኧርሊኮንንም ሞከርኩ። ምንም።

በመጨረሻ አንድ ማታ ያልከኝ ትዝ አለኝ፤ መልእክት የሚያሳይ ኮንሶል ባይኖርም የከርነሉ መልእክት መጻፊያ ፕሪንትኬይ ያለውን ሁሉ ሚሞሪ ላይ ይጽፋል። ቦርዱን መብራት ሳላጠፋ ሪሴት አደረግኩት። የሎጉን አድራሻ የከርነሉን አድራሻዎች ከሚዘረዝረው ፋይል ከሲስተም ማፕ አውጥቼ በዩቡት ሚሞሪውን አነበብኩ። አንዳንዱ ፊደል ተበልቷል፤ መሃል ላይ ግን ዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጸው ዳታ) ልክ እንዳልሆነ ጥርት ብሎ ተጽፏል። ከርነሉ ይህንን ተናግሮ ሉፕ ውስጥ ይሽከረከር ነበር፤ የሰማው የለም እንጂ።

ዲቫይስ ትሪው የነበረበትን ቦታ ሳይ፣ «ዱድ ፊድ» እያልን የምናነበው መለያ ቁጥር መኖር ሲገባው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ያኔ ገባኝ። አዲስ ነገር ስንጨምር የከርነሉ ቢኤስኤስ፣ ከዜሮ የሚጀምሩ ተለዋዋጮች የሚቀመጡበት የሚሞሪ ክፍል፣ አብጧል። ቢኤስኤስ ኢሜጁ ውስጥ ቦታ ስለማይዝ የፋይሉን መጠን አይቼ «ይበቃዋል» ብዬ ነበር። ከርነሉ ሲነሳ ቢኤስኤሱን በዜሮ ሲሞላ ጎረቤቱን ዲቫይስ ትሪ አብሮ ጠረገው። የኧርሊኮን ትእዛዝ የሚመጣውም በዚያው በዲቫይስ ትሪ ስለሆነ አብሮ ጠፋ። ኪውኢሙ ደግሞ ዲቫይስ ትሪውን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ አልተነካበትም።

ጥገናው? የዲቫይስ ትሪው አድራሻ ለውጥ፣ አንድ መስመር። ለውጡን የሚያብራራው የኮሚት መልእክት ግን አንድ ገጽ ሆነ።

ያ ስትታገለው የነበረው ቦርድህ ተነሳ ወይስ ተውከው? ጻፍልኝ። አንድ የምናዘዘው ነገርም አለኝ፤ ይህን ሁሉ ያየሁት ጠፋብኝ ብለህ ስትፈልገው በነበረው ሲሪያል ኬብልህ ነው።

ናፋቂ ወንድምህ