የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፋይሉ ተቆለፈ፣ ቁልፉስ የት ይቀመጥ?

የኮምፒውተር ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ከረመ። አባላቱ አምና ለቤተ መጻሕፍቱ የሠሩት የመጻሕፍት ውሰት መመዝገቢያ ጥሩ አገልግሎት እየሰጠ ስለነበር፣ ዓመቱ ሲጀመር ሁሉም አዲስ ነገር ለመሥራት ጓጉተው ነበር። እኔ ግን የተሠራውን መልሰን እንድንመረምር ጠየቅኋቸው። መዝገቡ ማን ምን እንደሚያነብ ይናገራልና። አንድ ተማሪ ስለ ሕመም ወይም ስለ ቤተሰብ ጠብ የተጻፈ መጽሐፍ ቢዋስ፣ ጉዳዩ በእርሱና በቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መካከል መቅረት አለበት።

ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያኖረው ኤስኪውላይት በተባለ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር) ነው። ይህ ዳታቤዝ ለብቻው የሚቆም ሰርቨር የለውም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ተካትቶ ይሠራል፣ የያዘውንም ሁሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ሪቻርድ ሂፕ የተባሉት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ይህ ሶፍትዌር ዛሬ የሌለበት ስማርት ስልክ የለም ማለት ይቻላል። ምቾቱም አደጋውም ከአንድ ፋይልነቱ ይመነጫል። ፋይሉን በፍላሽ የቀዳ ሰው መዝገቡን በሙሉ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ይህንን በቃል ከማስረዳት ይልቅ፣ የፈጠራ ስሞች የሞላንበትን ቅጂ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፈትነው። ከላይ የፋይሉን ዓይነት የሚገልጹት 16 ባይቶች በግልጽ ይነበባሉ። ዝቅ ሲባል ደግሞ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች መካከል የተዋሾች ስምና የመጽሐፍ ርዕስ ፍንትው ብሎ ተቀምጧል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንዱን መዝገብ በፕሮግራሙ ሰርዛ ፋይሉን ደግማ ከፈተች፤ የተሰረዘው ስም እዚያው ነበር። ኤስኪውላይት በተለመደው አሠራሩ የተሰረዘውን ቦታ ነፃ መሆኑን ይመዘግባል እንጂ ሌላ መረጃ እስኪጻፍበት ድረስ አያጠፋውም። ከዚያ ቀን በኋላ የሥራውን አስፈላጊነት ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አንዳንድ አባላት የራሳቸውን ምስጠራ፣ ማለትም መረጃውን ቁልፍ ለሌለው ሰው እንዳይነበብ አድርጎ የመለወጥ ዘዴ፣ መፍጠር ፈለጉ። እያንዳንዱን ፊደል በሌላ ፊደል የሚተካ ዘዴ አዘጋጁ፤ ሌላው ቡድን እንዲሰብረው ሰጠኋቸው። ሰባሪዎቹ በቃላት መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ የሚመጣውን ምልክት ፈልገው «የ» መሆኑን ገመቱ፤ ከዚያ ወዲያ ርዕሶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐረቡ ሊቅ አል ኪንዲ የጻፈበትን የድግግሞሽ ቆጠራ ስሙን ሳያውቁ ሠርተውበታል። በዚህ ዓመት ካየኋቸው ትምህርቶች ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ ይህ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች ሊሰብሩት ሞክረው ያልቻሉትን ዘዴ መጠቀም ለምን እንደሚሻል ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይከራከሩልኝ ጀመር።

በመጨረሻ የመረጥነው ኤስኪውኤል ሳይፈር የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ዳታቤዙን ገጽ በገጽ (ፋይሉ የተከፋፈለባቸውን እኩል ቁራጮች አንድ በአንድ)፣ 256 ቢት ቁልፍ ባለው፣ ኤኢኤስ በተባለው የታወቀ የምስጠራ ዘዴ ይመሰጥራል። ስሞቹን ብቻ እናመስጥር የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም አንድ ስም በተመሰጠረ ቁጥር የተለየ መልክ ከያዘ በስም መፈለግና በተራ መደርደር ይቀራል። ገጹ በሙሉ ሲመሰጠር ግን ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ፈትቶ ስለሚሠራበት ፍለጋው እንደ ድሮው ይሄዳል። አዲሱን ፋይል በጽሑፍ ማረሚያው ስንከፍተው አንድም የሚነበብ ቃል አላገኘንም፤ በመጀመሪያዎቹ 16 ባይቶች ቦታ ላይም በዘፈቀደ የተመረጡ ባይቶች ገብተዋል። አንድ ተማሪ መሐል ላይ አንዲት ባይት ቀይሮ ሞከረ። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ማረጋገጫ ስላለው ፕሮግራሙ ያንን ገጽ አላነብም አለ።

የዓመቱ ከባድ ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ናሙና የይለፍ ቃሉን በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ይዞ ነበር፤ ይህ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ሰክቶ እንደመሄድ ነው። የፕሮግራሙን ፋይል የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ቃሉ በኮምፒውተሩ ላይ በየትም እንዳይቀመጥ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት እንዲያስገቡት ወሰንን። ሶፍትዌሩ ከዚያ ቃል እውነተኛውን ቁልፍ ለማውጣት ስሌቱን 256,000 ጊዜ ይደጋግማል። ለኃላፊዋ ይህ የአፍታ ቆይታ ነው፤ ቃሉን በግምት ለሚፈልግ ሰው ግን እያንዳንዱ ግምት ያንኑ ያህል ያስከፍለዋል። ያም ሆኖ «1234» የመሰለ ቃል አያድንምና በዘፈቀደ ከተመረጡ ቃላት የተሠራ ረጅም ሐረግ እንዲሆን ተስማማን።

ሐረጉ ቢረሳስ? ፋይሉን የሚከፍት ሌላ መንገድ የለም፤ እኛም ሆንን የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ልናስመልሰው አንችልም። ስለዚህ ሐረጉ በወረቀት ተጽፎ፣ በታሸገ ፖስታ በርዕሰ መምህሩ ካዝና ተቀምጧል። ወደዚህ ውሳኔ የደረሱት አባላቱ ራሳቸው ናቸው፤ ክርክሩን የመሩት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ አርቀው ማሰባቸው አኩርቶኛል።

ምስጠራው የማይሸፍነውንም ጽፈው ለኃላፊዋ ሰጥተዋል። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ኮምፒውተሩ ለብቻው ከተተወ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ያነባል፤ ወደ ሠንጠረዥ ፋይል የተላከ ዘገባም ሳይመሰጠር ይወጣል። ፕሮግራሙ አሁን ሥራ ሲፈታ ራሱን ይዘጋል፤ ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ የተዋሾች ስም እንዳይወጣ ተደርጓል።

ያልተጠናቀቀው ሥራ አምና የተቀዱት ያልተመሰጠሩ ቅጂዎች ናቸው። ፍላሽ ላይ ፋይሉን መሰረዝ ብቻውን ስለማይበቃ፣ እስካሁን ያገኘናቸውን ሰብስበን ቆልፈንባቸዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ እንሰባብራቸዋለን። የቀድሞው መዝገብ ቅጂ በእጃችሁ ያለ መምህራንና ተማሪዎች እባካችሁ ለክበቡ አስረክቡ።