ኤምአርአይ «ጨረር» አይደለም፤ «ብረት» የሚለውም ጥያቄ ይብራራ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ የውስጥ አካልን ምስል ስለሚያነሳው የኤምአርአይ መሣሪያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጽሑፉ ጠቃሚ ነው። ሆኖም መሣሪያውን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው «የማግኔት ጨረር ምርመራ» እያለ መጥራቱን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ጎንደር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ቃል መልቀም ልማዱ ነው ብባል አይከፋኝም፤ ይህኛው ግን በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮበት የሚታለፍ ዓይነት ስህተት አይደለም።

አንባቢ ጨረር ሲባል የሚታየው ራጅ ነው። «ራጅ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣና ጨረር ማለት በመሆኑ አንባቢው አልተሳሳተም። ራጅም ሆነ ሲቲ ስካን የሚሠሩት በኤክስ ጨረር ነው። ኤምአርአይ ግን በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ሲሆን፣ በብዛት አገልግሎት ላይ ባለው የ1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ሞገዱ ወደ 64 ሜጋኸርዝ ስለሚጠጋ፣ 88 ላይ ከሚጀምሩት የኤፍኤም ጣቢያዎች ሰፈር ብዙም አይርቅም። የሬዲዮ ሞገድም በፊዚክስ ቋንቋ ከጨረር ወገን ነው ብሎ የሚሟገተኝ ባልደረባ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው፤ በዚያ ስሌት ግን የጧፍ ብርሃንም ጨረር ነው፤ ጧፍ ፈርቶ ከምርመራ የቀረ ታማሚ ደግሞ አላየሁም።

የስሙ ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1946 ለየብቻቸው የደረሱበት፣ ለኤምአርአይ መሠረት የሆነው ክስተት «ኒውክለር ማግኔቲክ ሬዞናንስ» ይባል ነበር፤ «ኒውክለር» የተባለውም የአቶምን እምብርት ለማመልከት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። መሣሪያው በ1980ዎቹ ወደ ሆስፒታል ሲገባ ግን ሰው ቃሉን ከቦምብና ከጨረር ጋር እያያዘ እንዳይሸሸው ሲባል «ኒውክለር» ተቆርጦ ቀረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1973፣ በዚህ መንገድ ምስል ማንሳት እንደሚቻል ያሳየው ኬሚስቱ ፖል ላውተርበር ዘዴውን «ዚውግማቶግራፊ» ብሎት ነበር፤ ሥሩ ማጣመጃ ወይም ቀንበር የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ ቃል ነው። የማግኔቱንና የሬዲዮ ሞገዱን መስክ እንደ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያሳርስ ዘዴ በመሆኑ ለእኛ ገበሬ ሳይቀር የሚገባ ስም ነበር፤ ግን አልያዘለትም። ላውተርበር በ2003 ከፒተር ማንስፊልድ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ያን ስም የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። ከበለሳ የመጣ አጎቴን ለወገቡ ሕመም ወደ አንድ የምርመራ ማዕከል ይዤው ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ያለው ወጣት ባለሙያ በትሕትና «አባቴ፣ ብረት አለዎት?» ብሎ ጠየቀው። አጎቴ ቅር እያለው «ብረቴንማ ለልጄ ሰጥቼ ነው የመጣሁ፤ ሐኪም ቤት ታጥቄ እገባለሁ እንዴ?» አለ። ወጣቱም «የለም» ብሎ ጻፈ። በአገራችን ገጠር «ብረት» ማለት ጠመንጃ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከ30 ዓመት በላይ ታፋው ውስጥ የኖረውን የጥይት ፍንጣሪ ያስታወስኩት እኔ ነኝ፤ ለአጎቴ እሱ «ብረት» ሳይሆን «ቁስል» ነው። ባለሙያው ምስጋና ይግባውና ወዲያው አቁሞ አስቀድሞ ራጅ እንዲነሳ ላከው። እንግዲህ የማግኔቱ ክፍል ውስጥ የሌለው ጨረር ከክፍሉ ውጭ ጠቀመን ማለት ነው።

እርሳስና መዳብ በማግኔት አይሳቡም፤ ብዙ ጥይት ግን በውስጡ ወይም በሽፋኑ ብረት ስላለው ሊንቀሳቀስ ወይም ሊግል ይችላል፤ ዓይን፣ ሕብለ ሰረሰር ወይም ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ፣ ለስብራት የገባ ብሎን፣ ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ?» ተብሎ ቢቀርብ ይሻላል። ስለ ማተብ የሚነሳውም ጭቅጭቅ እንዲሁ ነው፤ አንዲት እናት ማተቤን አልበጥስም ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ክሩ ምንም አያደርግም፤ የሚወልቀው መስቀሉ ብቻ ነው፤ ይህን ማንም አልነገራቸውም።

ጽሑፋችሁ ያላነሳው ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ ማግኔቶች በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች የቀዘቀዙና ኤሌክትሪክ ያለ እንቅፋት የሚዞርባቸው በመሆናቸው መብራት ሲጠፋ አይጠፉም። ማሽኑ ዝም ሲል ጠፍቷል ብሎ የብረት ባልዲ ይዞ የሚገባ የጽዳት ሠራተኛ ትልቅ አደጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ አንድ የ6 ዓመት ሕፃን ገድሏል። ታማሚው በሌለ ጨረር ሲሸበር ይህ የእውነቱ አደጋ ሳይነገር ያልፋል።

ትችት ብቻ እንዳይሆንብኝ አንድ ቃል ልጠቁም። ሬዞናንስ ማለት በአንድ ድምፅ የተቃኙ ሁለት ክራሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ ክር ሲመታ የሌላው መንዘሩ ነው። በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን እምብርትም በማግኔቱ ውስጥ የራሱ ድምፅ አለው፤ በዚያው ልክ የተቃኘ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ይነዝራል፤ ሞገዱ ሲቆም ወደ ነበረበት እየተመለሰ ደካማ ምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱ የሚከስምበት ፍጥነት ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ስለሚለያይ ከልዩነቱ ምስል ይወጣል። «ቅኝት» የሚለው ቃላችን የክራርን ማስተካከልም፣ አካባቢን ዞሮ ማሰስንም ስለሚይዝ «የማግኔት ቅኝት» ብንለው ሁለቱንም ሥራ ይገልጻል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ በሠለጠነባት ጎንደር «ጤና መኮንን» ሲባል ማንም ፍቺ አይጠይቅም፤ ይህም ሊለመድ ይችላል። የላውተርበር ዕጣ ከደረሰብኝም «ኤምአርአይ» ብላችሁ ተዉት፤ «ጨረር» ከማለት እሱ ይሻላል። አጎቴ ራሱ ለጎረቤቶቹ «ማግኔት ተነሳሁ፤ ውስጡ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል» እያለ ነው የሚያወራው።

በሚቀጥለው እትም ማረሚያ እንደምታወጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ቦታ ጠቦባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የምታትሙ ከሆነ ግን የእኔ የቃል ነገር ይቅርና ስለ ጥይቱና ስለ ብሎኑ የሚጠይቀው ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር
ጎንደር፣ አዘዞ