ድብ የሚማረው መቼ ሲቀጣ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ድብን ከሰፈር ስለማራቅ ያወጣችሁት ጽሑፍ መሣሪያዎቹን ዘርዝሮ ዋናውን ነገር፣ ጊዜውን፣ ዘሎታል። ድብ ቅጣቱን ከጥፋቱ ጋር የሚያያይዘው ገና ሲጠጋ ወይም የቆሻሻ ገንዳውን ሲነካ ከተመታ ነው። ጠግቦ ሲመለስ የተተኮሰበት የጎማ ጥይት ተኳሹን መሸሽ እንጂ ገንዳውን መተው አያስተምረውም፤ ምግቡንማ በልቷል።

ጥይቱ የሚነጣጠረው ሥጋ በሚበዛበት የኋላ ታፋ ላይ ነው። በጣም ከቅርብ ከተተኮሰ ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል፤ ከሩቅ ከሆነ ዒላማውን ስቶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በፍንዳታ ድምፅ የሚያስደነግጠው የርችት ጥይት በድቡና በተኳሹ መካከል ይፈንዳ፤ ከድቡ ጀርባ ከፈነዳ እንስሳውን ወደ ሰው ይነዳዋል። መሸሻውም አስቀድሞ ክፍት መሆን አለበት። የበርበሬ ርጭት ፊቱ ላይ እንጂ ድንኳን ላይ አይረጭም፤ የደረቀው ቅሪት፣ የሚገርመው፣ ድብ ይስባል።

በ2004 (እ.ኤ.አ.) በታተመ የኔቫዳ (አሜሪካ) ጥናት፣ ተይዘው ከተለቀቁ 62 ጥቁር ድቦች፣ የተቀጡትም ያልተቀጡትም ተደምረው፣ 57ቱ ወደ ከተማ ተመልሰዋል፤ ከግማሽ በላዩ 30 ቀን ሳይሞላ። ድብ የማይከፍተው ገንዳ ሳይገጠም ለጥይት የሚወጣው ገንዘብ ባክኖ ይቀራል።